ወደ ላይ በጭነት፣ ወደ ታች በባዶ

የአባቴ የጭነት መኪና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቆጣሪው ዘጠኝ ዘጠኙን ጨርሶ ወደ ዜሮ ሲመለስ ወንድሜ አንድ ጊዜ በዓይኑ አይቶታል፤ ከዚያ በፊት ስንቴ እንደዞረ የሚመሰክር የለም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቆጣሪው ራሱ ቆመ። ቀለሙ በፊት ሰማያዊ ነበር ይባላል። አባቴ ከአንድ የአሰብ ነጋዴ ሲገዙት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ ኮምቦልቻ ስመደብም ቤታችን የሚኖረው በዚያው መኪና ነበር። እናታችንን ያስታመምነውም የቀበርነውም በሱ ነው።

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። መኪናው የሚያድረው በራችን ላይ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ነበር። የሚነዳው ወንድሜ ነው። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከአባቴ ጎን ጋቢና ገባ፤ የአባቴ ዓይን ሲደክም መሪውን ተረከበ። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩት እሱ መሪ ስለጨበጠ ነው። አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ እኔም አንድም ቀን አላመሰገንኩትም።

ደሴ ከላይ ብርዱ ውስጥ ናት፣ ኮምቦልቻ ከታች ሙቀቱ ውስጥ። በመካከላቸው ያለው መንገድ የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት የተጫነን መኪና የሚይዘው ፍሬን ነው፤ የኛ መኪና ደግሞ ፍሬኑ ካለቀ ቆይቷል። በደርግ ዘመን አዲስ የፍሬን ሸራ በወሬ እንጂ በዓይን አይገኝም ነበር። መካኒካችን ከሞቱ መኪናዎች ያረጀ ሸራ እየላጠ ያስገባልናል፤ እሱም ሁለት ወር አይሞላም። ስለዚህ አባቴና ወንድሜ ለመኪናው የሚሆን ደንብ አወጡለት። ወደ ላይ በጭነት፣ ወደ ታች በባዶ። ከሐርቡና ከኮምቦልቻ ማሽላና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ዳገት ፍሬን አይጠይቅም። ሲወርድ ግን የንጉሥ ግምጃ ቤት ቢሰጡት አይጭንም። ባዶውን፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል። ነጋዴዎቹ «ባዶ መኪና የሚያወርድ ቤተሰብ» እያሉ ይስቁብን ነበር። እነሱ ይስቃሉ፣ እኛ እንኖራለን።

ከድርቁ በኋላ ባለው ዓመት አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ያለውን ሁሉ ሸጦ አዲስ አበባ ሊገባ ተነሳ። ከሚሸጠው ውስጥ ገና ያልደከመ የጭነት መኪና ነበር። አሮጌውን ሰጥተን የእናቴን ወርቅ ብንጨምርበት ሊለቅልን ተስማማ። ወርቁ እናቴ ስትሞት ለእኔ መዳሪያ ብላ የተወችው ነው።

አንድ ጁምዓ ከአስር ሶላት በኋላ ሦስታችን ተቀመጥን። ወንድሜ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግራሶ በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ነበር።

«አባባ፣ ወላሂ ይሄ መኪና አንድ ቀን ይበላኛል» አለ። «ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ የሚያገኘው አየር ነው። ያኛውን እንግዛው።»

 አባቴ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ ተናገሪ።»

እኔ መልሱን ካዘጋጀሁ ሳምንት ሆኖኛል። ሰሜን ጦርነት ነበር። ደህና መኪና ያለው ሰው ስሙ በዘመቻ ኮሚቴው መዝገብ ይሰፍራል፤ ሲፈለግ መኪናው ለግዳጅ ይጠራል፤ የሚጠራውም ከነሾፌሩ ነው። ሄደው የቀሩ ሾፌሮች ከነቤታቸው እናውቃለን። አሮጌውንና ብልሽት የማያጣውን ግን መንገድ ላይ ቆሞ ሌላውን ያግዳል ብለው ይተዉታል።

«ያንን ከገዛን በወሩ ይወስዱታል» አልኩ። «እሱንም አብረው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ይሄን ማንም አይመኘውም።»

ወንድሜ ሳቀ። «ወርቅሽ እንዳይሄድ ነው፣ እህትዬ።»

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ ተቆጣሁትም። ለወንድሜ ፈርቼ ነው የተናገርኩት፣ ይሄ እውነት ነው። ስናገር የእናቴ ወርቅ ዓይኔ ላይ ዞሮ ነበር፣ ይሄም እውነት ነው። የትኛው እንደቀደመ አላህ ያውቃል። ብዙ ዓመት አስቤበት እኔ አላወቅሁም።

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና «ይቆይ» አሉ። ወንድሜም ተቀበለ። እኔን «አብሽሪ፣ በማርሽ እይዘዋለሁ» ብሎኝ ወጣ።

የነጋዴውን መኪና አንድ የሐርቡ ሰው ገዛው፤ የእህቱ ልጅ ይነዳለት ጀመር። ልጁ ከወንድሜ ጋር መንገድ ላይ በመብራት ሰላም የሚባባል፣ ጥሩ ሳቅ ያለው ሾፌር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ መኪናው ተጠራ። ከነሾፌሩ ወደ ሰሜን ሄደ። ወሬው በተሰማ ማግስት ወንድሜ ኮምቦልቻ የተከራየሁት ክፍል ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ልክ ነበርሽ» አለኝ። «ወላሂ ልክ ነበርሽ።»

ደስ አለኝ። የሰው ልጅ ወደ እሳት ተወስዶ እኔ ልክ መሆኔ ደስ አለኝ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ዋጋ የለውም።

ብዙም ሳይቆይ እኛም ተጠራን። በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ ጤነኛ መኪና አይገኝም ነበር። ትናንት አምስት መቶ ኩንታል ያመላለሰው ሁሉ ጥሪው ሲመጣ አልጋ ይይዛል። ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያማረ ስለሆነ ለጎረቤትም እጽፍ ነበር። ለኛ መኪና የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ የናፍጣውን ፖምፓ ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ማሽላው ውስጥ ቀበረው። የኮሚቴው ሰዎች መጡ፣ ሞተሩ አልነሳ አላቸው፣ የመኪናውን መልክ አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ተሰብሯል ብዬ ጻፍኩ። ፖምፓው ወደ ማሽላው ተመለሰ። እነሱም ተመልሰው ሄዱ።

አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ደስ አላላቸውም። ለልጃቸው ሲሉ ዝም አሉ እንጂ ውሸት የሚዋጥላቸው ሰው አልነበሩም። ኮሚቴው በሄደ ቁጥር ውዱዕ አድርገው ረዘም ያለ ሶላት ይሰግዱ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ፍሬኑ ፈጽሞ አለቀ። መካኒካችን ከበታች ገብቶ አይቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ከእንግዲህ የምለጥፈው ሸራ የለኝም፤ ብረት በብረት ነው» አለን። ወንድሜ ሥራውን ቀነሰ። ባዶውን ሲወርድ እንኳ ከሐረጎ አናት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን አቀዝቅዞ፣ በአንደኛ ማርሽ እንደ ሽማግሌ ይወርድ ጀመር። ጥሪው የመጣው ያኔ ነው።

ወንድሜ መፍቻውን አንስቶ ወደ ፖምፓው ሊሄድ ሲል አባቴ «ተወው» አሉት። «ዘንድሮ ምን መዋሸት አስፈለገ? ፍሬን የለውም። እውነቱን ጽፈን፣ መኪናውን ወስደን እናሳያቸው። አልሃምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ወንጀል የለብንም።»

ፊታቸው ላይ የነበረውን እፎይታ አስታውሳለሁ። እኔም ተስማማሁ። ደብዳቤውን በሙሉ ልብ ጻፍኩት፤ «በማናቸውም ባለሙያ ይመርመር» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳይቀር አስገባሁበት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች እንደዚያኛው የኮራሁበት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዎቹ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። እኔም አባቴን ክንዳቸውን ይዤ ሄድኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤዬን አነበበ፤ ከዚያ ሌላ ማኅደር ከፈተና ሁለት ወረቀት አወጣ። ያለፉትን ዓመታት ደብዳቤዎቼን ከሩቅ አወቅኋቸው።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቴስታታው ተሰነጠቀ። ካምቢዮው ተሰበረ። ዛሬ ደግሞ ፍሬን የለውም። ታዲያ እዚህ ድረስ ማን ተሸክሞት መጣ?»

ሰው ሳቀ። ደብዳቤ የጻፍኩላቸው ጎረቤቶቼም ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ እነሱም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። አባቴ ቀስ ብለው ወደፊት ወጡና «ጌታዬ፣ ያለፈው ውሸት ነበር፤ የዛሬው እውነት ነው» አሉ።   ሰብሳቢው ወንድሜን «አስነስተህ ና» አለው።

ከዚያ ራሱ ሰብሳቢው ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ሜዳው መሃል ቆመና እጁን አነሳ። ወደ እኔ ንዳ፣ እጄን ሳወርድ አቁም፣ ማለቱ ነው። ወንድሜ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጓድ፣ ፍሬን የለውም እኮ፤ ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ፈገግ አለ እንጂ አልተነቃነቀም።

መኪናው ተነሳ። እጁ ወረደ። ወንድሜ ማርሹን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሰብሮ አስገባው፤ ካምቢዮው ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሲስብ ትከሻው ታየኝ። ከዚያ መሪውን ወደ አንዲት ትንሽ ጉብታ አዙሮ የፊት ጎማውን አስደገፈባት፣ መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። በሰብሳቢውና በመኪናው መካከል ሦስት ክንድ አይሞላም። ሌላ ሾፌር ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ይጨፈልቀው ነበር። በዚያች ቅጽበት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በወንድሜ ኮራሁ። ዙሪያዬ ያሉት ሾፌሮችም «ወንድ!» አሉ።

ሰብሳቢው ሱሪውን አራገፈ። «ቆመ» አለ። «ሰኞ ጠዋት መጋዘን ይቅረብ።»

ወንድሜ ከጋቢናው ወርዶ ሊያስረዳው ሞከረ። ሜዳ ነው፣ ባዶ ነው፣ በማርሽ ነው የያዝኩት፣ ጭነት ይዞ ሐረጎን ሲወርድ ማርሽ አይበቃውም አለው። ሰብሳቢው ደብዳቤዎቼን ወደ ማኅደሩ መልሶ እየከተተ፣ በእርጋታ፣ «ይሄ ነገር አሻጥር ሊባል እንደሚችል ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው። አሻጥር ምን እንደሚያስከፍል የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ወንድሜ ወደ ጋቢናው ተመለሰ።  የዋሸንባቸው ሁለት ዓመታት በሰውየው ብብት ሥር ነበሩ፣ ምን አፍ አለን?

እሑድ በአውቶቡስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስሰናበተው ወንድሜ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታየኛል። «አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ልቅር?» አልኩት። «ቀርተሽ ትገፊዋለሽ?» አለኝ ከሥር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽሪ እህትዬ። አባባን ብቻ እንዳታስጨንቂያቸው» አለ። ወጥቶ ሳይስመኝ ሄድኩ። እጁ ዘይት ስለነበር ነው።

ሰኞ ጠዋት ከመጋዘኑ እስከ አፉ ጫኑትና መጀመሪያ ኮምቦልቻ አድርስ አሉት። አንዱ ስንዴ ነው አለ፣ አንዱ ጥይት ነው አለ፤ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከባድ ነበር። መኪናው ደንብ ከወጣለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጭኖ ወደ ታች ወረደ።

እኔ አራተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ሲጠራኝ ጠመኔውን ሳልጥል ወጣሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ከወንድሜ ኋላ በአውቶቡስ ይወርዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ ክላክሱን ሳያቋርጥ ይነፋ ነበር አሉ። ሰውም ከብትም ከመንገዱ እንዲወጣለት ነው። ሁለተኛውን መታጠፊያ ተሻገረ፣ ሦስተኛውን ተሻገረ። አንዴ መኪናውን ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠግቶ ሊፈትገው ሞከረ። አራተኛው ላይ ክላክሱ ከመንገዱ ወጣ፣ እነሱ እንዳሉት፤ ቁልቁል ለትንሽ ጊዜ ይሰማ ነበር። መንገድ ላይ ከነበረው ሰው አንድም አልተነካም። የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ለቅሶው ላይ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሶብር አድርጊ» ያላለኝ የለም። ቀደርን አልክድም። ግን ከቀደሩ ውስጥ የእጅ ጽሑፌን ማን ያውጣልኝ? ሜዳው ላይ የሳቁት ጎረቤቶችም መጥተው አልቅሰዋል፣ ከልባቸው ነው። ሰብሳቢው አልመጣም። ከአርባው በፊት ግን ከቢሮው አንድ ሰው መጥቶ የመኪናውን ሊብሬ ጠየቀ፤ ከመዝገብ ሊሰርዙት ነው። አባቴ ከሣጥን አውጥተው ሰጡት፣ ሻይም እንዲቀርብለት አዘዙ።

ወደ ሥራ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ አንድ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ አንገቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሲስቅ ግን አወቅሁት። የሐርቡው ሾፌር ነው፣ ያኛውን መኪና የነዳው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሰሜን ቆይቶ በሕይወት ተመልሷል። መኪናውም ተመልሷል።

«አባትሽ ፊት መቆም ከበደኝ» አለኝ። «ምን ብዬ ልቁም? እሱ ሞቶ እኔ ... ላንቺ አላህ ያጽናሽ ልበልሽ ብዬ ነው።»

«እንኳን ተመለስክ» አልኩት። ከአፌ ነው የወጣው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ ሁለት እግሮቹን፣ ሁለት ክንዶቹን፣ የሚወዛወዘውን ትከሻውን ቆሜ አየሁ። ወንድሜ ፈልጎት የነበረው መኪና ይሄን ሰው ይዞት መጣ። እዚያው አስፓልት ዳር፣ የአንድን ሰው በሕይወት መኖር ጠላሁ።

በሳምንቱ ደሴ ወጣሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ከግቢ አይወጡም ነበር፤ ዓይናቸውም ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ከጎናቸው ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ አጎርሳቸው ነበር። ድንገት እጄን ያዙት።

«ያ የሐርቡ ሰው የገዛው መኪና» አሉ። «ሾፌሩ ተመለሰ?»

ለምን እንደሚጠይቁኝ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፦ ያንን ገዝተነውም ቢሆን ልጄ ይሞት ነበር ወይ፣ ነው። ከለቅሶው ጀምሮ ያንን ብቻ ሲያሰላስሉ እንደከረሙ ከእጃቸው አያያዝ አወቅሁ።

«አልተመለሰም አባባ» አልኩ። «እዚያው ሰሜን ቀረ።»

እጄን ለቀቁኝ። ትከሻቸው ወረደ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ያረቢ፣ የኔን ልጅ ማረው። ያንንም የሰው ልጅ ማረው። ጎን ለጎን አድርጋቸው።»

«አሚን» አልኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ጁምዓ ጁምዓ ለሁለቱ አብረው ዱዓ ያደርጉ ነበር፤ አንድም ሳምንት አላጓደሉም። እኔም በነዚያ ዓመታት እሑድ እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያ የሐርቡ ሾፌር መኪናውን ሲያጥብ አገኘው ነበር፤ እጁን አንስቶ «አባትሽ ደህና ናቸው?» ይለኛል። ደህና ናቸው፣ ይጸልዩልሃል እለዋለሁ።